የታሊን የሰርግ ሕግ ጉብኝት፦ ለእግር ጉዞው አራት ኮከብ፣ ለእራቱ ሁለት

እኔ የሰርግ ምግብ ሠሪ ነኝ። ስቶክሆልም ውስጥ ሐበሻ ሲዳር ሽንኩርቱ የሚከተፈው፣ ዶሮው የሚበለተው እኔ ቤት ነው። ዘንድሮ ሃያ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ስለ ሰርግ ወጪ ማንም ምንም ሊነግረኝ አይችልም ብዬ አስብ ነበር። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ሄጄ ግን አንዲት ቀጭን ኢስቶኒያዊት ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ። ቁጭ አድርጋ እንኳ አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል በድንጋይ ንጣፍ ላይ እያስኬደች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ነሐሴ ላይ ታገባለች። የተጠሪው ዝርዝር 380 አልፏል። እናቷ በየቀኑ አንድ የረሳችው ሰው ትዝ ይላታል። ልጅቷ ማታ ማታ እየደወለች "አክስቴ፣ እኔ እኮ ሃምሳ ሰው ነበር የፈለግሁት" ትለኛለች። ምን ልበላት? ሃምሳውንማ የኔ ወጥ ሠሪዎች ከነልጆቻቸው ይሞሉታል። በመጨረሻ ለሁለት ቀን ከስልክ ትረፍ ብዬ በመርከብ ይዣት ወጣሁ። ከስቶክሆልም ማታ ትሳፈራላችሁ፣ ጠዋት ታሊን ናችሁ። የመርከቡን ቡፌ ሰልፍ አልተርክላችሁም። እሱ ራሱን የቻለ ሰርግ ነው።

ጉብኝቱን ኢንተርኔት ላይ ያገኘችው እሷ ናት። በአሮጌው ከተማ ውስጥ የሚደረግ የእግር ጉዞ ነው፤ ርዕሱ የድሮ ሰርግና የሰርግ ሕግ። ለአንድ ሰው 35 ዩሮ። ለብቻው የሚከፈልበት እራትም አለው፤ እሱ ላይ እመጣለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሦስት አራት ሰዎች ሆነው የሚያንቀሳቅሱት ነገር ነው፤ የምወቅሳቸውም ስላለኝ ስማቸው ይቅር። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡት።

ቀጠሯችን ጠዋት አራት ሰዓት፣ ማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ላይ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በ1404 ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማማው ጫፍ ላይ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሳይ ወታደር አለ። "አሮጌው ቶማስ" ይሉታል፤ ከ1530 ጀምሮ እዚያ ላይ የቆመ ሰው ነው። ስምንት ነበርን። አስጎብኚዋ ሰላምታ እንኳ ሳታበዛ ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ዘርግታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አንድ ቃል አልገባንም። ቱሪስቶች እየቆሙ ያዩናል። አንዱ ሳንቲም ሊወረውርላት ኪሱን ሲዳብስ አይቻለሁ።

አንብባ ስትጨርስ "አሁን ሁላችሁም ሕጉን ሰምታችኋል። አልሰማሁም ማለት አይቻልም" አለች።

ያነበበችው በታችኛው ጀርመንኛ ነው፤ የድሮ የሰሜን ጀርመን ነጋዴዎች ቋንቋ። ከተማዋ ያኔ ሬቫል ትባላለች። ነጋዴው ጀርመን ነው፣ ሹሙም ጀርመን ነው፤ ሕጉ ራሱ በ1248 ከጀርመኗ ሉቤክ የተወሰደ ነው። በዓመት በዓመት ሕዝቡ ተሰብስቦ የከተማው ደንብ ጮክ ተብሎ ይነበብለት ነበር። ቡርስፕራከ ይሉታል። ስለ እሳት አደጋ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ገበያ ይነበባል። መሀል ላይ ሰርግ ይገባል። ስንት ሰው እንደሚጠራ፣ ስንት ገበታ እንደሚዘረጋ፣ ስንት ዓይነት ምግብ እንደሚቀርብ፣ ስንት ሙዚቀኛ እንደሚቆም። ሙሽራው ለሙሽሪት፣ ሙሽሪት ለሙሽራው ዘመዶች የምትሰጠው ስጦታ ሳይቀር ልክ አለው። ካለፈ መቀጮ ነው።

እዚህ ጋ ልቤ ቆመ። ስንት ዓይነት ምግብ! እኔ ከዓመት ዓመት ከደንበኛ ጋር የምጨቃጨቀው በዚሁ ነው። "ክትፎ ካለ ዱለት ምን ይሠራል?" እላለሁ። "እነ እገሌ ሰርግ ላይ ነበረ" ይሉኛል። እዚህ አገር ምክር ቤት ተሰብስቦ ወስኖበታል። የእህቴን ልጅ በክርኔ ጎነጥኳት። ቀድማኝ ስልኳ ላይ ማስታወሻ እየያዘች ነበር።

ቀጥሎ የሆነው የጉብኝቱ ምርጥ ነገር ነው። አስጎብኚዋ ለያንዳንዳችን ትንሽ የእንጨት ሳንቃ ሰጠችን። ላዩ ላይ ደረጃችን ተጽፏል። ለእህቴ ልጅ የነጋዴ ልጅ ደረሳት። ከእኛ ጋር ከነበሩት ፊንላንዳውያን ባልና ሚስት ባልየው የምክር ቤት አባል ሆነ። ለኔ የቤት ሠራተኛ ወጣልኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ ረጅም የሉል ሐብል አወጣች። ሰው ሠራሽ ነው፣ ግን ከባድ። በየተራ አንገታችን ላይ ታደርግልናለች። ምክር ቤቱ ጋ ስትደርስ "ይፈቀዳል"። ነጋዴዋ ጋ "ይፈቀዳል፣ ግን እስከዚህ ድረስ" ብላ ግማሹን በጣቷ ያዘችው። እኔ ጋ ስትደርስ ምንም አላለችም። ሐብሉን ቀስ ብላ ከአንገቴ አውልቃ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንገቴን ቀዘቀዘኝ። ሰው ፊት ጌጥ ሲወልቅብሽ ምን እንደሚሰማ በወረቀት ከሚያነቡት በዚያች ደቂቃ ይገባል።

ሕጉ አንድ አልነበረምና። ደረጃ ነበረው። ከላይ የምክር ቤቱ ሰዎችና ትልልቆቹ ነጋዴዎች። ከሥራቸው የእጅ ባለሙያው፦ ጫማ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው፣ አንጥረኛው። ከታች ሠራተኛው። ኢስቶኒያውያኑ በገዛ አገራቸው "ጀርመን ያልሆኑ" ተብለው ነው የሚመዘገቡት፤ እነሱም ታች ናቸው። ማን ሐር ይለብሳል፣ ማን ሉል ያደርጋል፣ ማን ስንት ሰው ይጠራል፣ ሁሉም እንደ ደረጃው ነው። አስጎብኚያችን ይህን ስትናገር ድምጿ ትንሽ ተቀየረ። "የኔ አያቶች የቱ ጋ እንደነበሩ ገብቷችኋል" ብላ አለፈችው። አላካበደችውም። ወደድኳት።

ከአደባባዩ ወደ ፒክ ጎዳና አመራን። "ፒክ" ረጅም ማለት ነው አሉ። ቁጥር 17 ላይ የታላቁ ጊልድ አዳራሽ አለ። ጊልድ ማለት የነጋዴዎች ማኅበር ነው፤ ይኼኛው የባለጸጎቹ። ከ1407 እስከ 1410 የተሠራ ሲሆን ዛሬ የኢስቶኒያ ታሪክ ሙዚየም ነው። በሩ ላይ ሁለት የአንበሳ ራስ ቅርጽ ያላቸው የነሐስ ማንኳኪያዎች አሉ፤ 1430 የሚል ዓመተ ምሕረት አላቸው። አንዱን ነካሁት። የአንበሳው አፍንጫ በሰው እጅ ብዛት ለስልሷል። ስንት ሙሽራ በዚህ በር ገብቷል ብላችሁ አስቡ። የነጋዴዎቹ ልጆች ሰርግ የሚደገሰው እዚሁ ነበር። ውስጡ ከፍ ያለ ነው፤ ጣሪያውን ምሰሶዎች መሀል ለመሀል ይዘውታል። እንደ ባለሙያ ዓይኔ የሄደው ወደ ወለሉ ነው። አሥር አሥር ሰው የሚይዝ ክብ ጠረጴዛ ስንት ያስገባል? ምሰሶዎቹ ያስቸግራሉ። አስተናጋጅ በሁለቱም በኩል መተላለፊያ ካላገኘ ወጡ ይበርዳል።

ከአዳራሹ ጎን የሙሽሪት ክፍል የምትባል አለች። የላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋ ያለው ታላቁ ጊልድም እንዲህ ያለ የሙሽራ ክፍል አለው። ማኅበሩ የሰርግ አዳራሽ ብቻ ሳይሆን የጫጉላ ቤትም ነበረው ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ "ሆቴል አያስፈልግማ" አለች። ዋጋውን ነግሬያታለሁ መሰለኝ።

ትንሽ ወረድ ብሎ እዚያው ጎዳና ቁጥር 26 ላይ የምንቆምበት በር ነበር። አረንጓዴና ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ የተጠረበ የእንጨት በር። አናቱ ላይ የጥቁር ሰው ራስ። ባልቲክ ባሕር ዳር፣ በዚያ ብርድ፣ ጥቁር ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያይህ ምን ትላለህ? እኛ ሁለታችን ሳቅን። ሌሎቹ እኛን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን። አስጎብኚዋ ለምዳዋለች መሰለኝ ሳትደነግጥ አስረዳችን። የጥቁር ራሶች ወንድማማች ማኅበር ይባላል። ጠባቂያቸው ቅዱስ ማውሪሺየስ ነው፤ ከላይኛው ግብጽ መጣ የሚባለው ሰማዕት ወታደር። አባላቱ ወንደላጤዎች ናቸው። ያላገቡ ነጋዴዎችና ከውጭ የመጡ። አንዱ ሲያገባ ከዚህ ይወጣና ታላቁ ጊልድ ይገባል። በእግር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አግብቶ ማኅበር መቀየር ማለት ይኼው ነው፤ ከቁጥር 26 ወደ ቁጥር 17።

አሁን ሕጉ ለምን እንደከበደ ይገባችኋል። ሰርጉ የሁለት ልጆች ጉዳይ አይደለም። ሰውየው ከተማው ውስጥ ስንተኛ መሆኑ የሚታወጅበት ቀን ነው። ብድር ሰጪው እዚያ ተቀምጧል፣ የንግድ ሸሪኩ እዚያ ተቀምጧል፣ የነገው የምክር ቤት መራጭ እዚያ ተቀምጧል። ገበታ ላይ የሳሳ ሰው ነገ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው ያጣል። ስለዚህ ሁሉም ከአቅሙ በላይ ይደግሳል፤ ቀጣዩ ከዚያ በላይ። ሩዙ፣ አልሞንዱ፣ ዘቢቡ፣ ሳፍሮኑ ሁሉ በመርከብ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ገንዘቡ ከከተማው ይወጣል። ምክር ቤቱ ያየው ይህንን ነው። ቄሶቹ ደግሞ የእግዚአብሔር ቁጣ ይመጣል ይላሉ።

ከቄሶቹ አንዱን አገኘነው ማለት ይቻላል። መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን እዚያው አጠገብ ነው፤ ግድግዳው ላይ በ1684 ክርስቲያን አከርማን የጠረበው የሚያምር ሰዓት አለ። እዚያ ባልታዛር ሩሶቭ የሚባል ቄስ ያገለግል ነበር። በ1578 የሊቮኒያን ማለትም የዛሬዎቹን ኢስቶኒያና ላትቪያ ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ1558 የጀመረው ጦርነት አገሩን አመድ አድርጎታል። ሩሶቭ ምክንያቱን ሲፈልግ ከሚጠቅሳቸው ነገሮች አንዱ የመኳንንቱ ሰርግና መጠጥ ነው። ገበሬውንም አልማረውም። አስጎብኚዋ ግን እንደ መነኩሴ አትሳሉት አለችን። ድግሱን ሲገልጽ ከመተቸቱ ይልቅ ማየቱ ይበልጣል፤ ሰውየው ተጋብዞ የበላ ነው የሚመስለው ብላ አሳቀችን።

ሰርግ ብቻም አልነበረም። ክርስትናም ነበረ። ልጅ ሲወለድ የሚደገሰውን "የልጅ ቢራ" ይሉታል፤ እሱም ላይ ገደብ ወጥቷል። ከ1561 ጀምሮ ከተማዋ የስዊድን ሆነች፤ እስከ 1710። ስዊድንም በዚህ አትታማም። በ1664 ስለ ልብስ፣ ስለ ሰርግ፣ ስለ ክርስትናና ስለ ቀብር ደንብ አውጥታለች። በ1756 ደግሞ ቡና ከልክላለች። ቡና! እኔ የምኖርበት አገር ይሄ ነው። የእህቴ ልጅ ስትሰማ እጇ ላይ ያለውን የወረቀት ኩባያ ደበቀች።

"ማን ነው የሚቆጣጠረው?" ብዬ ጠየቅኩ። ሥራዬ ነውና ያሳሰበኝ ይኼ ነው። ደንብማ ማንም ይጽፋል።

በጀርመን ከተሞች ሙሽራው ከሰርጉ በኋላ ምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ ደንቡን ጠብቄአለሁ ብሎ ይምል ነበር አለችኝ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ ሥራዬን ስለነገርኳት ፈገግ አለች። "አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምግብ አብሳዩን ነው የሚያስምሉት። ገደቡ ሲታለፍ ካየ እንዲናገር።"

ቆሜ ቀረሁ። እኔን ያስምሉኛል! ስንቱን ጉድ ይዤ ነው የምኖረው። ለሙሽራው እናት አንድ ቁጥር፣ ለሙሽሪት አባት ሌላ ቁጥር የነገርኩበት ሰርግ አለ። በግ አምስት ተብሎ ሰባት የታረደበት አለ። አንዴ አንዲት እናት "ባለቤቴ ከጠየቀሽ ኬኩ ስጦታ ነው በይ" ብላኛለች። ብያለሁ። ሬቫል ብኖር እጄን መጽሐፍ ላይ አስቀምጠው ሁሉንም ያስለፈልፉኝ ነበር። ደንበኛም ሁለተኛ አይመጣም።

ግን ከዚያች ጥያቄ በኋላ ሐሳቤ ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ ሕጉን እንደ ግፍ ነበር የማየው፤ በተለይ ያቺ የሉል ሐብል ከአንገቴ ከወለቀች በኋላ። ግማሹ ግፍ ነው፤ ሠራተኛዋ ሠራተኛ መሆኗ እንዳይረሳ የወጣ ሕግ ነው። አስጎብኚዋም አልሸፋፈነችውም። ግማሹን ግን ሳስበው ደንቡን የጻፉት እነማን ናቸው? የምክር ቤቱ አባላት። የምክር ቤቱ አባላት እነማን ናቸው? እነዚያው ታላቁ ጊልድ ውስጥ የሚደግሱት ነጋዴዎች። ሴት ልጅ ያላቸው፣ ዕዳ ያለባቸው፣ እንደኛ "ሰው ምን ይለኛል" የሚሉ አባቶች። ራሳቸው ላይ ነው ገደብ የጣሉት። የሕጉ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ይሉኝታን ከሰውየው ትከሻ ላይ አውርዶ ማዘጋጃ ቤቱ ላይ ጫነው። "እኔማ ልጠራህ ፈልጌ ነበር ወንድሜ፣ ምክር ቤቱ ከለከለኝ እንጂ።" ይህን ዓረፍተ ነገር የሚያክል የሰርግ ስጦታ አለ? እኔ ብዙ አባቶች አውቃለሁ፣ ይህችን አንዲት ሰበብ ቢያገኙ መኪናቸውን የማይሸጡ።

ይህን ለአስጎብኚዋ ስነግራት ትንሽ አሰበችና "ቢሆንም አላከበሩትም" አለች። ደንቡ በየጊዜው እየታደሰ ይወጣ ነበር፤ አንድ ሕግ ሰባት ጊዜ የሚታወጀው ሰው ስለሚያከብረው አይደለም። እሱ ላይ ልክ ናት። መቀጮውን እንደ አንድ የሰርግ ወጪ ቆጥሮ የሚከፍል ሀብታምም አይጠፋም። እኔ ግን በሐሳቤ ጸናሁ። የተጣሰ ሕግም ሰበብ ይሆናል።

የመጨረሻው ማረፊያ ኒጉሊስተ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። እዚያ የበርንት ኖትከ "የሞት ጭፈራ" የሚባል ሥዕል አለ። የተረፈው ቁራጭ ሰባት ሜትር ተኩል ይሆናል። ሞት በአጽም ተመስሎ የሮማውን ጳጳስ፣ ንጉሠ ነገሥቱን፣ እቴጌይቱን እጅ እጃቸውን ይዞ ያስጨፍራቸዋል። የእቴጌይቱን ቀሚስ ተመልከቱ ተባልን። ተመለከትን። አንዲትም መቀጮ ያልከፈለች ሴት ናት። እዚህ ጋ አንድ ነጥብ ቀነስኩ፦ የመግቢያው ትኬት በ35 ዩሮው ውስጥ አልተካተተም፤ ይህን ደግሞ በሩ ላይ ነው የነገሩን። አስቀድሞ መናገር ምን ይጎዳል?

አሁን ወደ እራቱ።

እራቱ በሦስት ደረጃ ይሸጣል። "የእጅ ባለሙያ" 49 ዩሮ፣ "የነጋዴ" 79፣ "የምክር ቤት" 119። ስመዘግብ ቀልድ መስሎኝ ሳቄ መጥቶ ነበር። የእጅ ባለሙያውን ያዝኩ፤ እኔስ የእጅ ባለሙያ አይደለሁ? መጠየቂያው ላይ የማንበላው ነገር ካለ ጻፉ ይላል። "የአሳማ ሥጋ አንበላም" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። "ተመዝግቧል" የሚል መልስ መጣልኝ።

ቦታው ምድር ቤት ነው፤ ሻማ በሻማ። ያምራል፣ አልዋሽም። ጠረጴዛው ወፍራም ጣውላ፣ ሳህኑ ሸክላ። መጀመሪያ በጨው የታሸ ዓሣና ጥቁር ዳቦ መጣ። ዳቦው ድንቅ ነው፤ ሁለቴ አስጨመርኩ። ቀጥሎ ትልቁ ሳህን መጣ። ከላይ የሚያብለጨልጭ የአሳማ ጎድን። ከሥሩ ድንች።

ስለ አሳማው ነገርኳቸው። አስተናጋጁ ልጅ ቀይ ብሎ ወሰደው፤ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ያንኑ ሳህን ያለ ሥጋው ይዞ መጣ። መረቁ ድንቹ ላይ እንዳለ ነው። ይህን አንድ የኔ ልጅ ቢያደርገው በዚያው ቀን ነው የማሰናብተው። ድንቹ ደግሞ የባሰ ነው። የ1500ዎቹ ሰርግ ብለህ ሸጠህልኝ ድንች ታቀርባለህ? ያኔ ድንች በባልቲክ ገበታ ላይ የለም። ገብስ አለ፣ አተር አለ፣ ጎመን አለ። ገብስ ቢቀቅሉ እኮ ይረክስላቸው ነበር።

አጠገባችን ያሉት ፊንላንዳውያን የምክር ቤቱን ከፍለዋል። በሳፍሮን የቀላ ሩዝ መጣላቸው። ክላረት የሚባል ቅመም ያለበት ወይን መጣላቸው። ድሮ አደባባዩ ላይ ያለው ፋርማሲ ይሸጠው የነበረ መጠጥ ነው፤ ፋርማሲው በ1422 መዝገብ ላይ ይገኛል፣ ዛሬም ክፍት ነው። ማርዚፓን የሚባል ከአልሞንድና ከስኳር የሚሠራ ጣፋጭ መጣላቸው። ከዚያ ቫዮሊን የያዘ ሰውዬ ገባ። በእኛ በኩል ሲያልፍ አንገቱን ሰበር አደረገልንና እነሱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ። ሦስት ዘፈን። ወደኛ አልዞረም።

የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ ሐብሉን እንደገና አወለቁሽ" አለችኝ።

ፊንላንዳዊቷ ሴትዮ አፍራ ማርዚፓኗን ግማሽ ቆርሳ ላከችልን። ተቀበልን። ደንቡ ምን ይል እንደነበር አላውቅም፣ ይጣፍጥ ነበር።

ቅሬታዬን በማግስቱ ጻፍኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ጠይቀው 20 ዩሮ መለሱልኝ። ስለ ድንቹ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ የእግር ጉዞውን ሂዱ። በተለይ ሊያገባ የተቃረበ ሰው ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ እናቱን ደግሞ ከተቻለ። እራቱን እለፉት። በዚያው ገንዘብ ፒክ ጎዳና ቁጥር 16 ላይ ከ1864 ጀምሮ ያለው ማያስሞክ ካፌ ግቡና ማርዚፓኑን በፀሐይ ብርሃን ብሉ። ጫማ ወፍራም ሶል ያለው ይሁን። ድንጋዩ ክብ ክብ ነው፤ እኔ ቀጭን ነገር አድርጌ ሄጄ ለሁለት ቀን አነከስኩ። ጉብኝቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ አነጋገሯ ግልጽ ነው፣ አትቸኩልም። ሙዚየሙን ለማየት ለብቻው አንድ ሰዓት ያዙ፤ በጉብኝቱ ውስጥ ያለው አሥራ አምስት ደቂቃ አንበሶቹን ለመንካት ብቻ ነው የሚበቃው።

ስንመለስ መርከቡ ላይ፣ ኔትወርኩ ሳይጠፋ፣ የእህቴ ልጅ ለእናቷ ስትጽፍ አየኋት። አዳራሽ ቀይራለች። አዲሱ አዳራሽ መግቢያው ላይ ከእሳት አደጋ መከላከያ የተለጠፈ ሰሌዳ አለው፤ ከ150 ሰው በላይ አይፈቀድም ይላል። የሰሌዳውን ፎቶ አብራ ላከችላት። ሥሩ ላይ "እማዬ እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው" ብላ ጻፈች።

መልሱ ወዲያው መጣ። "የቆመ ሰው ይቆጠራል?"